የተሰረዙ እና የተነገሩ

ጥቅምት 12

ለልጄ የሥራ ባልደረባ፤

እንዴት ሰነበቱ? እኔ እንዳለሁ አለሁ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆይቷል። መልሱ የዘገየው በንቀት አይደለም። እጄ ከብዕር ጋር ከተለያየ ዘመን ሆኖታል፤ አንድ መስመር ጽፌ ድስት አማስላለሁ፣ ሌላ መስመር ጽፌ ልብስ አሰጣለሁ። ይቅር ይበሉኝ።

በስልክ ብንነጋገር ይሻል እንደሆነ ጠይቀውኛል። አይሻልም። ስልክ ማንሳት ትቻለሁ። ሲጠራ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ፣ ሲደክመው ይተወኛል። እህቴ "ስልኩ ምን አደረገሽ?" ትለኛለች። ወረቀት ግን ሰው እስኪዘጋጅ ይታገሣል። ፖስታዎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ ዞሬ ዞሬ ስመለስ እዚያው ሆኖ ጠበቀኝ።

እንዴት እንደሆነች የጠየቁኝን ግን ለሌላ ቀን ያቆዩልኝ።

እርስዎን አላጣሁዎትም። ስምዎን ያወቅሁት ከደብዳቤዎ ነው እንጂ ወሬዎን ከራት ጋር ስበላው ነው የኖርኩት። እዚህ ቤት የሚጠሩት "አቶ አይሆንም" ተብለው ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ስሙን ያወጣችው እሷ ናት። ፊቷን አጥቁራ ከክፍሏ ከወጣች "ዛሬስ አቶ አይሆንም ምን አለ?" እላታለሁ። "ምን ይላል እማዬ! አይሆንም አለ!" ትላለች። ለአንድ ሰዓት ያህል ትንጨረጨራለች። ከዚያ ሳህኑን እያጠበች "እውነቱን ነው'ኮ" ትላለች። ፊት ለፊት ተያይታችሁ እንደማታውቁ፣ የምትተዋወቁት በጽሑፍ ብቻ እንደሆነ ነግራኛለች። በጽሑፍ ብቻ እንዲህ የሚያናድድ ሰው በአካል ቢመጣ ምን ሊሆን ነው እያልኩ እስቅባት ነበር።

ኮምፒውተሯ አሁንም ይሠራል ወይ ላሉኝ፤ አዎ፣ ይሠራል። እንደተወችው ነው። ከጠረጴዛዋ ሥር ያለው ጥቁር ሳጥን ሲያጉረመርም ይውላል። ክፍሏ ከሌላው ክፍል ይሞቃል፤ ድመቷ እዚያ መተኛት ለምዳለች። ስክሪኑን በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ እንጂ አላጠፋሁትም። ያን ቀን ጠዋት ስትወጣ "እማዬ፣ እንዳትነኪብኝ፣ እየሠራ ነው" ብላኝ ነው የሄደችው። አልነካሁም።

አሁን ደግሞ የእኔ ጥያቄ። ልጄ ምን ነበር የምትሠራው? ለልቅሶ የመጣው ሁሉ "ኮምፒውተር ላይ" ይላል። ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ትል እንደነበር እኔም አይቻለሁ፤ ሻይ የማቀብላት እኔ ነኝ። "ከርነል" የሚለውን ቃል ከአፏ ለምጄዋለሁ፣ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። እሷ ልታስረዳኝ ስትጀምር እኔ ሥራ ይይዘኛል፣ እኔ ስጠይቅ እሷ ይደክማታል፤ እንዲሁ እንደተባባልን ቀረን። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ስምንተኛ ክፍል ነው። ቀስ ብለው ካስረዱኝ ግን ይገባኛል።

አክባሪዎ፣
እናቷ


ጥቅምት 25

የተከበሩ እማማ፤

ጤና ይስጥልኝ። "አቶ አይሆንም" የሚለውን ሳነብ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ ባለቤቴ ከወጥ ቤት መጣች። ስሙ ይገባኛል፤ ይዤው እኖራለሁ።

ጥያቄዎን በአቅሜ ልመልስ። በኮምፒውተር ውስጥ ከፕሮግራሞች ሁሉ ሥር የተቀመጠ አንድ ፕሮግራም አለ። ማንም አያየውም፤ ግን ፋይል ልክፈት፣ ልጻፍ፣ ልሰርዝ የሚል ሁሉ እሱን ሳያስፈቅድ አይችልም። ከርነል ማለት እሱ ነው። ብዙ ሰዎች ከየአገሩ ሆነን በጋራ እንሠራዋለን። አንዱ ማሻሻያ ጽፎ ይልካል፣ ሌላው ይገመግማል። የልጅዎን የምገመግመው እኔ ነበርኩ።

እሷ የያዘችው ክፍል ስለ መሰረዝ ነው። አንዳንድ ፕሮግራሞች ከርነሉን "ይህ ፋይል ሲሰረዝ ንገረኝ" ይሉታል። ተጠባባቂ እንበላቸው። ከርነሉን እንደ አንድ ትልቅ ሕንፃ ዘበኛ ያስቡት። ፋይል በተሰረዘ ቁጥር ዘበኛው "ይህን የሚጠብቅ አለ?" እያለ ፎቅ ለፎቅ ይዞራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቅ የለም፤ መዞሩ ግን አይቀርለትም። በየቅጽበቱ እልፍ ፋይል በሚሰረዝበት ማሽን ላይ ይህ ከንቱ መዞር ሥራውን ሁሉ ያጓትታል።

የልጅዎ ሐሳብ እንዲህ ነው፤ በሩ ላይ ሰሌዳ ይሰቀል። በሕንፃው ውስጥ ስንት ተጠባባቂ እንዳለ ቁጥሩ ይጻፍበት። ዜሮ ከሆነ ዘበኛው ደረጃ አይወጣም። ቀላል ይመስላል። እኔ ግን "አይሆንም" አልኩ፤ ሰሌዳው አንዲት ቅጽበት ቢሳሳት የሚጠብቅ ሰው ሳይነገረው ይቀራል ብዬ ፈራሁ። እሷ "አይቀርም፣ አሳይሃለሁ" አለችኝ።

እቤትዎ ያለው ማሽን የሚሠራው ያን ነው። ፋይል ይፈጥራል፣ ተጠባባቂ ያስቀምጣል፣ ይሰርዛል፣ ተጠባባቂው ይሄዳል፣ ሌላው ይመጣል። ስክሪኑ ላይ ሁለት ቁጥሮች ያያሉ። የላይኛው የተሰረዙት ናቸው፣ የታችኛው ለተጠባባቂያቸው የተነገሩት። ሁለቱ እኩል ከሆኑ እሷ ትክክል ነበረች ማለት ነው። እባክዎ ጨርቁን ያንሡና ሁለቱንም ቁጥር ገልብጠው ይላኩልኝ። ከዚያ ማሽኑን ቢያጠፉት ምንም አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ፋይል ስሙ ቢሰረዝም፣ ከፍቶ የያዘው ፕሮግራም እስካለ ድረስ ውስጡ ያለው አይጠፋም። ልጅዎም እንዲሁ ናት እማማ፣ እኛ እስከያዝናት ድረስ አለች።

አክባሪዎ፣
አቶ አይሆንም


ኅዳር 8

ለአቶ አይሆንም፤

እንደምን ከረሙ? ባለቤትዎስ ደህና ናት? ቁጥሮቹን በሌላ ወረቀት ጽፌ አብሬ ልኬያለሁ። መነጽሬን ጠርጌ ሦስቴ አመሳክሬያለሁ። የላዩም የታቹም አንድ ዓይነት ናቸው። በጣም ስለሚሮጡ፣ ዙሩ ሲያልቅ ቆም የሚሉባትን ጠብቄ ነው የቀዳኋቸው። ቁጥር እንዲህ ሲረዝም አይቼ አላውቅም።

ማሽኑን አላጠፋሁትም። ይፈቀዳል አሉኝ እንጂ ይታዘዛል አላሉኝም።

በአንድ ነገር እንዳይቀየሙኝ። ስለ ማሽኑ ሲጽፉልኝ ውሃ እንደጠማው ሰው ነው የማነበው። መጨረሻ ላይ ልጄን ከፋይሉ ጋር ሲያመሳስሉልኝ ግን ወረቀቱን አጠፍኩት። የሚያጽናናኝ ሰው ሞልቷል። የቀበሌው ሰው ሁሉ አጽናንቶኛል፤ ስለ ሥራዋ የሚነግረኝ ግን አንድ ሰው ነው ያለኝ። ስለዚህ ምሳሌ አያድርጉብኝ። እኔ የጠየቅሁት ስለ ማሽኑ ነው።

ስለ ማሽኑ ከሆነ ግን፤ እውነት ነው? ስሙ ተሰርዞ ውስጡ ይኖራል? የት ሆኖ? መቼ ነው ታዲያ የሚጠፋው? ለተጠባባቂውስ የሚነገረው ስሙ ሲሰረዝ ነው ወይስ ውስጡ ሲጠፋ?

"የተነገሩት" የሚለውንም ቃል ለእኔ ብለው እንደመረጡት ታውቆኛል። አይጨነቁ፤ በእኛ ቋንቋ ይህ ነገር መርዶ ነው። ልጄ መርዶ ነጋሪውን ነበር የምታፋጥነው ማለት ነው። ለእህቴ ይህን ስነግራት አማተበች። "ብላ ብላ ደግሞ እንዲህ ያለ ሥራ ያዘች!" አለች። ያቺ እህቴ ታናሼ ናት፤ እንዳልብሰለሰል ብላ በየቀኑ ትመጣለች። ማሽኑ አጠገብ ቁጭ ብዬ ስታገኘኝ "ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ የብረት ሳጥን ማስታመም የጀመርሽው?" ትለኛለች። "እየሠራ ነው" እላታለሁ። "ማን ያዘዘው?" "እሷ።" ወንበር ስባ አብራኝ ታያለች። ባለፈው "ላዩ ከታቹ በለጠ!" ብላ ጮኸች፤ ለካ መነጽሯን ሳታደርግ ነው።

ሌላ ጥያቄ። ፋይል መሰረዙን ማወቅ የሚፈልግ ማነው? ለምንስ ይቸኩላል? የጠፋ ጠፍቷል፤ ቶሎ ቢሰማ ዘግይቶ ቢሰማ ምን ይለወጣል?

እናቷ


ታኅሣሥ 3

ለአቶ አይሆንም፤

"አንቱ አይበሉኝ፣ እናቴም እንዲያ አትለኝም" ላልከኝ፤ እሺ። ምላሴ እስኪለምድ ድረስ ታገሠኝ።

ደብዳቤህ በደረሰ ማግስት ያልከውን ሞከርኩት። የማሽኗን አይደለም፣ የእህቴን ቢሮ ኮምፒውተር ነው። እንዳልከኝ አንድን የፎቶ ማህደር በሁለት መስኮት ከፈትን፤ በአንዱ መስኮት አንድ ፎቶ ሰረዝን። እኔ ዓይኔን የተከልኩት ሌላው መስኮት ላይ ነው። ማንም ሳይነካው ከዚያም እልም አለ! "ተነገረው!" ብዬ ጮኽኩ። ቢሮው በሙሉ ዞሮ አየን። እህቴ ግን ፊቷ አመድ መሰለ፤ የሰረዝነው የአለቃዋን ፎቶ ኖሯል። ከኮምፒውተሩ የቆሻሻ ቅርጫት አውጥታ እስክትመልሰው ድረስ በላብ ተጠመቀች። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እንዲያ ከሳቅሁ ቆይቻለሁ። ለምን እንደሚቸኩል ያን ጊዜ ገባኝ፤ ያልተነገረው መስኮት የሌለውን ነገር እንዳለ ሲያሳይ ይኖራል።

ውስጡ የሚጠፋው የመጨረሻው ያዥ ሲለቅ መሆኑንም ሁለቴ አነበብኩት። አሁን ምሳሌ ስላላደረግህበት ደስ አለኝ።

ሥራዬን ጠይቀሃል። ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነኝ፣ ምድር ቤት። አንሶላው ከየፎቁ በቱቦ ወደ እኛ ይወርዳል። አንድ አልጋ በሞት ባዶ ሲሆን ብርድ ልብሱ፣ ትራስ ልብሱ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ተጠቅልሎ ይወርዳል፤ ድኖ የወጣ ሰው አንሶላ ግን እንዲያ አይጠቀለልም። ስለዚህ እኛ ምድር ቤት ያለነው ኮሪደር ላይ ከቆመው ቤተሰብ ቀድመን እናውቃለን። አንናገርም፤ ሕጉ ነው። ሥር ሆኖ፣ ሳይታይ፣ የሁሉንም የሚያውቅ ስትለኝ "እኛን ነው'ኮ!" ብዬ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። አሁን ማጠቢያው ክፍል "ከርነሎች" እየተባባልን ነው የምንጠራራው።

ወደ ትልቁ ጉዳይ ልምጣ። "ይሁን" ብለህ ጽፈሃል። ቃሉን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ማሻሻያዋ አልፎ ከዋናው ከርነል ሊገባ ነው፣ በዓለም ላይ ስንትና ስንት ማሽን ሊሠራበት ነው። ለእህቴ ሳነብላት ተቃቅፈን አለቀስን። እሷ ብትሰማ ኖሮ "እማዬ፣ አቶ አይሆንም ሆነ!" ብላ ቤቱን ትዞረው ነበር።

በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ነው የሚገባው ያልከው? እስከዚያ ማሽኑን አላጠፋም። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት ጨርቁን ገለጥ አድርጌ ሁለቱን ቁጥሮች ሰላም ብዬ ነው የምወጣው።

እንደ እናትህ ቁጠረኝ፣
የልጅቷ እናት


ታኅሣሥ 29

ለአቶ አይሆንም፤

ሁለት ደብዳቤ ልከህ ዝም ስላልኩህ ይቅርታ። ታምሜ አይደለም። ጉንፋን ቢጤ ነበር፣ ለቆኛል። ቅዝቃዜው እንዴት ይዟችኋል?

"ማሽኑ እንዴት ነው፣ ቁጥሮቹ እኩል ናቸው?" ብለህ እንደ ቀልድ ጠይቀሃል። ማሽኑ ይሠራል። ድመቷም ደህና ናት።

ሌላ ጊዜ በደንብ እጽፍልሃለሁ። ዛሬ እጄ አልታዘዘኝም።

እናቷ


ጥር 6

ልጄ፤

ባለፈው የጻፍኩልህን ደብዳቤ ደብዳቤ አትበለው። ጉንፋን አልነበረብኝም።

ቁጥሮቹ እኩል አይደሉም።

አንድ ቀን ጠዋት ጨርቁን ስገልጥ የላይኛው በሰባት ሲያልቅ የታችኛው በስድስት አለቀ። በእንቅልፍ ዓይኔ ነው ብዬ ሥራ ሄድኩ። ማታ ስመለስ አሁንም አንድ ይጎድላል። በማግስቱም አንድ። ቁጥሮቹ ይሮጣሉ፣ ያቺ አንዷ ግን አትሞላም። እህቴን ጠራኋት፤ በዚህ ጊዜ መነጽሯን አድርጋለች።

"አንድ ትጎድላለች" አለች።

"አንድ ትጎድላለች።"

"ከዚህ ሁሉ ቁጥር? ይኼ እንኳ ቁጥር አይባልም፣ ወንዝ ነው! አንድ ብትጎድል ማን ያውቃል?"

"የሚጠብቃት ያውቃል። ማለቴ፣ አያውቅም፤ እሱ ነው'ኮ ነገሩ።"

"ስሚኝ" አለችኝ ክንዴን ይዛ፤ "ሰውየው ይሁን ብሏል። አልቋል። የልጅሽን ሥራ በገዛ እጅሽ ልትጥዪ ነው? አንቺ ባትነግሪው ማን ይነግረዋል? ማሽኑን አጥፊና እንረፍ።"

እውነት ለመናገር ጣቴን ማጥፊያው ላይ አድርጌ ነበር። "እንዳትነኪብኝ" ያለችኝ መጣብኝና አነሣሁት። ከዚያ ያን የጉንፋን ደብዳቤ ጻፍኩልህ።

እንዴት እንደሆነች ጠይቀኸኝ አቆይልኝ ብዬህ ነበር። የመኪና አደጋ ነው፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም። የምጽፍልህ ስለ እኔ ነው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኬ አላርፍ አለ። እህቴ ደውላ "የት ነሽ?" አለች። ሥራ ነኝ አልኳት። "እሺ፣ እሺ" ብላ ዘጋች። የልጄ ጓደኛ ደወለች፤ "ቤት ገብተሻል?" ጎረቤቴ ደወለች፤ "ስንት ሰዓት ትወጫለሽ?" ዛሬ ደግሞ ምን ያህል ተፈላጊ ሆንኩ ብዬ ሳቅሁ። ስወጣ ሽንኩርት ልገዛ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ገንዘቤን አልቀበል አለኝ። "ምን ነካህ፣ ልታገባ ነው እንዴ?" ብዬ ቀለድኩበት። ጀርባውን ሰጠኝና ዕቃ መደርደር ጀመረ። መንገዱ ላይ ሰው በየበሩ ቆሟል። ለሁሉም ሰላምታ ሰጠሁ። ሁሉም አንገቱን ደፋ። የሰፈሩ ሕፃን ሳይቀር ያውቅ ነበር። እኔ ብቻ የራት ሽንኩርት ይዤ፣ የሌለችውን እንዳለች አድርጌ፣ ወደ ቤት እሄድ ነበር።

ማንም በክፋት አላደረገውም። እህቴ "ጎረቤት ነግራት ይሆናል" ብላለች፣ ጎረቤቴ "እህቷ ሳትነግራት አትቀርም" ብላለች፣ ባለሱቁ ደግሞ "ይኼን የምነግረው እኔ ማን ነኝ" ብሏል። እያንዳንዱ ደጃፌ ላይ ደርሶ አየ፣ ሌላ ሰው አለ ብሎ አለፈ። ስልክ የተውኩት ለዚህ ነው። ያን ቀን ስልኩ ሁሉን ጠይቆኝ አንድ ነገር አልነገረኝም።

ምሳሌ አታድርግብኝ ብዬህ ነበር፣ እኔም እያደረግሁ አይደለም። እየነገርኩህ ያለሁት ያቺ አንዷ ለምን ትንሽ እንዳልመሰለችኝ ነው። በስንት ማሽን ላይ ይገባል ያልከኝ ሥራ፣ በየቦታው አንድ የሚጠብቅ ሰው ሳይነገረው ሊያልፍ ከሆነ፣ የልጄ ስም እዚያ ላይ እንዲጻፍ አልፈልግም።

አንድ ደፋር ነገር ልበልህ፣ እንደ እናት ቁጠረው። "ይሁን" ያልካት ስለሞተች ነው። በሕይወት ብትኖር ኖሮ ተጨማሪ አሳዪኝ ትላት ነበር። እሷም ለአንድ ሰዓት ተንጨርጭራ፣ ሳህኑን እያጠበች "እውነቱን ነው'ኮ" ትል ነበር። አታዝንላት። እንደ ድሮው አድርገህ ያዛት።

እባክህ አይሆንም በላት።

እናቷ


ጥር 20

እማማ፤

አይሆንም።

ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደጻፍኩላት አላውቅም። ልክ ነዎት። ይሁን ያልኩት የጻፈችውን አይቼ አይደለም፤ ስሟን አይቼ ነው። ደብዳቤዎ በደረሰ ዕለት ማሻሻያው እንዳይገባ አስቆምኩት።

ከዚያ ፍለጋ ገባሁ። አንዲቷ የት እንደጠፋች አሁን አውቃለሁ፣ ልንገርዎት። አዲስ ተጠባባቂ ሲመጣ ልጅዎ መጀመሪያ ወንበር ትሰጠዋለች፤ ቀጥላ በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ላይ ትቆጥረዋለች። በወንበሩና በሰሌዳው መካከል ያለችው ቅጽበት ከዓይን ጥቅሻ እጅግ ታንሳለች። በዚያች ቅጽበት ቀድሞ የነበረው ተጠባባቂ ተነሥቶ ቢወጣና ሰሌዳው ዜሮ ቢሆን፣ በዚያችው ቅጽበት ደግሞ ፋይሉ ቢሰረዝ፣ ዘበኛው ሰሌዳውን አይቶ ያልፋል። ወንበሩ ላይ ግን ሰው ተቀምጧል። ተጠባባቂው መጠበቁን ይቀጥላል፤ የሚነግረው የለም።

ሦስቱ ነገሮች እንዲህ እንዲገጣጠሙ ዕድላቸው እጅግ ጠባብ ነው። እኛ እንዲህ ያለ ሙከራ የምናሄደው ቢበዛ ለአንድ ቀን ነው። እንዲህ ለወራት ማሽን ሳያጠፋ የሚተው ሰው በሙያችን ውስጥ አላውቅም። እርስዎ ባያቆዩት ኖሮ ማንም አያያትም ነበር።

መድኃኒቱ ምን እንደሆነ ቢያዩ ይስቃሉ። ሁለት መስመሮች ቦታ ይለዋወጣሉ። መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ ይቆጠር፣ ከዚያ ወንበር ይሰጠው። በቃ። ሰሌዳው ቢሳሳት እንኳ በሌለው ሰው ይሳሳታል፤ ዘበኛው አንዴ በከንቱ ደረጃ ይወጣል፣ ያለው ሰው ግን አይዘለልም። ፍጥነቱ አልተነካም። የቀረው ሁሉ እሷ እንደጻፈችው ነው፤ ጸሐፊዋ እሷ ናት፣ ስሟ ከላይ ይቆያል። የተስተካከለውን እዚህ ማሽኔ ላይ እያሄድኩ ነው፣ እኔም አላጠፋሁትም። ባለቤቴ "ይኼን ደግሞ ከማን ተማርከው?" አለችኝ። ነገርኳት።

አሁን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። በእኛ ሥራ የቆየ ደንብ አለ። ማሻሻያ ሲገባ የጻፈው ሰው ስም ይጻፋል፤ ስህተቱን አይቶ የጠቆመ ካለ ደግሞ የእሱም ስም እዚያው ሥር በራሱ መስመር ይጻፋል። አንዴ ከገባ አይፋቅም፤ ከርነሉ ባለበት ሁሉ ይኖራል። ደንቡ ቅጽል ስም አይቀበልም፣ "እናቷ" ማለትም አይበቃም። ሙሉ ስምዎን ይላኩልኝ።

ማሽኑም ሥራውን ጨርሷል። ማጥፋት ሲፈልጉ እንዴት እንደሚያጠፉ ከዚህ ጋር ጽፌያለሁ። ካልፈለጉም ይቆይ።

ልጅዎ፣
አቶ አይሆንም


የካቲት 2

ልጄ፤

ሰላም ላንተ፣ ሰላም ለባለቤትህ። "አይሆንም" የሚለውን ሳነብ እጆቼን አጨበጨብኩ። እህቴ ደግሞ "ሰው የልጁ ሥራ ሲቆም አጨብጭቦ ያውቃል?" ብላ ተቆጣች። ሁለቱን መስመሮች በሁለት ማንኪያ አስረዳኋት። ማንኪያዎቹን አለዋወጥኳቸው። "ይኼው ነው?" አለች። ይኼው ነው አልኳት። "እና አንቺ ይኼን ሁሉ ቀን ያለቀስሽው..." ብላ ሳትጨርስ ተወችው፤ ራሷ ማንኪያዎቹን አንሥታ ደግማ አለዋወጠቻቸው።

ማሽኑን አጠፋሁት። ጽሑፍህን አጠገቤ አድርጌ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለግሁ ጫንኳቸው። ቁጥሮቹ ቆሙ። የላዩ በአራት አለቀ፣ የታቹ በሦስት። ማራገቢያው ትንሽ አቃሰተና ዝም አለ። ድመቷ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ተነሥታ ወጣች። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ መስኮቱን ከፈትኩት። ፈርቼ ነበር፤ ግን የለቀቅሁት ማሽኑን ነው እንጂ ሌላ ምንም አልለቀቅሁም።

ስለ ስሜ። ይህን ደብዳቤ ያዘገየሁት በእሱ ነው። በእኛ ዘንድ ልጅ የሚጻፈው ከአባቱ ስም ጋር እንደሆነ ታውቃለህ። የእሷ አባት ድክ ድክ ስትል አይቷት ሄዷል፤ ከዚያ ወዲህ አላያትም። አልወቅሰውም፣ እንጀራው ወስዶት ይሆናል። ትምህርት ቤት ስትገባ ከስሟ ቀጥሎ የተጻፈው እሱ ነው። ዲፕሎማዋ ላይ እሱ ነው። መቃብሯ ድንጋይ ላይም እሱ ነው። እኔ ወለድኳት፣ አጠብኳት፣ ሻይ አቀበልኳት፤ ስሜ ግን ከስሟ አጠገብ ተጽፎ አያውቅም። አንድም ወረቀት ላይ። እስከዚህ ደብዳቤህ ድረስ ነገሩን አስቤውም አላውቅም ነበር።

አሁን ሌሎች ጥያቄዎች አሉኝ። ከዚህ በፊት የሠራቻቸው ምን ምን ነበሩ? ይሁን ያልካቸውስ አሉ? ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ፤ አይሆንም ያልካቸውንም አትዝለል። በጽሑፍ ይረዝምብሃል ብለህ ከሆነ እሑድ ከሰዓት ደውል። አነሳለሁ።

ስሜን ከዚህ ወረቀት ጀርባ በትልልቁ ጽፌዋለሁ። መጀመሪያ ሌላ ወረቀት ላይ ተለማምጄበታለሁ፤ እንዳይበላሽ። ከእሷ ስም ሥር አድርገኝ።

እናቷ